ባሕሩ ለምን ሮዝ ሆነ፦ የአንድ ቀለም ቀቢ የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ ማታ

ሥራዬ ቀለም ቅብ ነው። የሥዕል አይደለም፤ የግድግዳ። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግና ዙሪያዋ ላይ 11 ዓመት የሰው ቤት ቀብቻለሁ። የዚህ አገር ሰው ደግሞ ነጭ ይወዳል። ነጩም አንድ ዓይነት እንዳይመስላችሁ፤ የእንቁላል ቅርፊት ነጭ፣ የተልባ ነጭ፣ የደመና ነጭ እያለ ካታሎጉ አያልቅም። ሳምንቱን ሙሉ ነጭ ስቀባ ከርሜ ቅዳሜ ቤቴ ስገባ ዓይኔ ቀለም ይርበዋል።

ስለዚህ አንድ ነገር ጀመርኩ። የፈረንሳዩ ሠዓሊ አንሪ ማቲስ በ1905 የሣለውን «የተከፈተ መስኮት፣ ኮሊዩር» በልኩ አስመስዬ ልሥለው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጥር ነው የምጽፈው።) ከስንት ሥዕል እሱን የመረጥኩት ዋናው እዚሁ ዋሽንግተን፣ ናሽናል ጋለሪ ስላለ ነው። በቀይ መስመር ባቡር ሄጄ በነፃ አየዋለሁ። ደግሞም መስኮትና ግድግዳ ነው። መስኮትና ግድግዳ ለእኔ እንጀራዬ ነው።

የሥዕሉ ልክ 55.3 በ46 ሴንቲ ሜትር ነው። ሱቅ ያገኘሁት ሸራ 61 በ45.7 ሆነ። ወርዱ ገጠመልኝ፤ ቁመቱ ላይ ግን ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ተረፈኝ። ልቆርጠው አሰብኩና ተውኩት። ከላይ የተረፈውን በማስኪንግ ቴፕ ከለልኩና የቀለም መሞከሪያ አደረግኩት። ግድግዳ ስንቀባስ መጀመሪያ ጥግ ላይ ትንሽ ሞክረን፣ ሲደርቅ አይተን አይደል?

የሠዓሊ ቀለም ዋጋው ጉድ ነው። በአንዲት ትንሽ የኮባልት ሰማያዊ ቱቦ ዋጋ አንድ ጋሎን የጣሪያ ቀለም ይገዛል። እንደምንም ሰባት ቱቦ ይዤ ወጣሁ። ሸራውን ቀለል አድርጌ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩትና የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት።

እሑድ

ከቅዳሴ ቀጥታ ወደ ጋለሪው። ሥዕሉን በስልኬ ስንቴ አይቼዋለሁ መሰላችሁ። ፊት ለፊቱ ስቆም ግን ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ትንሽነቱ ገረመኝ። ያ ሁሉ የተወራለት ሥዕል የሶፋ ትራስ ያህል ነው። ከዚያ ደግሞ አይጮህም። ስልኬ ላይ ሮዙም አረንጓዴውም ዓይን ይወጋ ነበር። እዚህ ግን ከሸራው ሰፊው ክፍል ፈዘዝ ያለ፣ ነጭ የበዛበት ቀለም ነው። ኃይለኛው ቀይ የሚገኘው እዚህም እዚያም፣ በጣት ጫፍ የተነካ ያህል ነው።

ላላያችሁት ልንገራችሁ። ወደ ውጭ የሚያሳይ፣ የተከፈተ የበረንዳ መስኮት ነው። የግራው ግድግዳ አረንጓዴም ሰማያዊም ማለት የሚከብድ፣ በሁለቱ መካከል ያለ ነው። የቀኙ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ሮዝ ነው። መሃል ላይ ሐረግና የአበባ ማሰሮዎች፣ ከዚያ ወዲያ ጀልባዎች፣ ባሕር፣ ሰማይ። ባሕሩ ሮዝ ነው። የጀልባዎቹ ምሰሶ ቀይ ብርቱካንማ ነው።

ረጅም ሰዓት የቆምኩት መስታወቱ ላይ ነው። የግራው ግድግዳ አረንጓዴ በቀኙ መስታወት ላይ አለ። የቀኙ ግድግዳ ሮዝ ደግሞ በግራው መስታወት ላይ። መስታወቶቹ ማዶ ያለውን ግድግዳ እያሳዩ ነው ማለት ነው! ስንት መስኮት በቴፕ ከልዬ ቀብቻለሁ። የቀባሁት ቀለም ዞሮ መስታወቱ ላይ እንደሚያርፍ ግን ልብ ብዬ አላውቅም። እኔ እንኳ ሰውየው ቀለሙን እንደ ፈለገ የበተነው ይመስለኝ ነበር። ለካ መጀመሪያ አይቷል፤ ከዚያ ነው ያጋነነው።

በጣም ተጠግቼ ኖሯል፣ ጥበቃው መጣ። ሐበሻ ነው። «ወንድሜ፣ ትንሽ ራቅ በልልኝ» አለኝ በአማርኛ። ከምኔ እንዳወቀኝ እንጃ። እርሳሴንና ደብተሬን አየና «ሠዓሊ ነህ እንዴ?» ሲለኝ «ቀለም ቀቢ ነኝ» አልኩት። ሳቀ።

ይኸው ጋለሪ የአንድሬ ደሬንም «የኮሊዩር ተራሮች» አለው። ያችው መንደር፣ ያው የ1905 በጋ። ኮሊዩር ደቡብ ፈረንሳይ፣ ስፔን ድንበር አጠገብ ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ማቲስ የ35 ዓመት ሰው፣ ደሬን የ25 ዓመት ጎረምሳ፤ ጎን ለጎን ሆነው ሲሠሩ ከረሙ። የደሬን ዛፎች ግንዳቸው ቀይና ሰማያዊ ነው። ከማቲስ ይልቅ እሱ ይጮሃል። እኔ ብሆን በ25 ዓመቴ ከዚያ የባሰ እጮህ ነበር።

ማክሰኞ ማታ

ንድፉን በካሬ ከፋፍዬ በእርሳስ አወጣሁ። ይሄ ቀላል ነው፣ አላወራበትም።

ከዚያ ቀለም። ጥፋቴን ከመናገሬ በፊት ምን እያሰብኩ እንደ ነበር ልናገር። በ1905 መኸር ማቲስና ጓደኞቹ ሥዕሎቻቸውን ፓሪስ ውስጥ «ሳሎን ዶቶን» በሚባለው ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ ሰቀሉ። ይሄ መስኮትም እዚያ ነበር። በዚያው ክፍል መሃል የድሮ ጣሊያን አሠራር የሚመስል ቅርፅ ቆሟል። ሉዊ ቮሴል የሚባል ሃያሲ ይህን አይቶ «ዶናቴሎ በአውሬዎች መሃል» ብሎ ጋዜጣ ላይ ጻፈ። ዶናቴሎ የድሮ የጣሊያን ቀራፂ ነው። አውሬ በፈረንሳይኛ «ፎቭ» ነው። ስሙ እዚያው ተለጠፈባቸው፤ ፎቪዝም የመጣው ከዚህ ነው። ከነሱ መሃል ቭላማንክ ደግሞ ቀለሙን ከቱቦ አውጥቶ ሳይበጠብጥ ነበር የሚያሳርፈው።

እኔም በቃ አውሬ ልሁን አልኩ። ቪሪዲያን የሚባለውን አረንጓዴ በግራ ደፋሁት። ማጀንታውን፣ ደማቁን ሮዝ፣ በቀኝ። ባሕሩን ያው ማጀንታ በጥቂት ነጭ። ማሰሮዎቹን ካድሚየም ቀይ ከነነፍሱ። አንድ ሰዓት ተኩል አልፈጀብኝም። እጄን ታጥቤ ተኛሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ረቡዕ

አክስቴ ከባሕር ዳር መጥታ እኔ ጋ ነው ያለችው። ከሥራ ስመለስ ሥዕሉ ፊት ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«መስኮት ነው አክስቴ።»

«እኔ ኬክ መስሎኝ። የልደት ኬክ።»

ዝም አልኩ።

«ባሕሩስ ለምን ሮዝ ሆነ?»

«ሠዓሊው እንዲህ ነው የሣለው።»

«እሱስ ቢሆን ማን ፈቀደለት?»

የፓሪስ ሰውም በጊዜው ከዚህ የተሻለ አልተናገረም። ግን እሷ እንዳለችውም ነው፤ ኬክ ነው። መስኮት አይመስልም። ወደ ውጭ አያወጣም፤ ሁሉ ነገር ፊት ለፊት ተጣብቆ ቆሟል።

ያው ረቡዕ፣ ሌሊት 6 ሰዓት

እንቅልፍ እምቢ አለኝና ተነሥቼ ሥዕሉን በስልኬ ፎቶ አነሣሁት። ከዚያ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አደረግኩት። ነገሩ ወዲያው ተገለጠ። ግድግዳዎቹ ግራጫ፣ ባሕሩ ያው ግራጫ፣ ማሰሮው ያው፣ ቅጠሉ ያው። ቀለሙን ስትነሣው ምንም የለም። ባዶ ግድግዳ!

እሑድ ያነሣሁትን የዋናውን ፎቶም እንዲሁ አደረግኩት። እሱ ጥቁርና ነጭ ሆኖም መስኮት ነው። ክፍሉ ጠቆር ይላል፤ ውጭው ይበራል። ማቲስ ብርሃኑን የትም አልጣለውም። ቀለሙ ይዋሻል፤ ብርሃንና ጥላው ግን አይዋሽም። እኔ የወሰድኩት ውሸቱን ብቻ ነው።

ሐሙስ

ሁሉንም ፋቅሁት። በስቱኮ ስፓቹላ። የሃያ ዓመት ጓደኛዬ ናት፤ አዲስ አበባ ሕንፃ ላይ ስሠራ የያዝኳት። ቀለሙ ገና እርጥብ ስለሆነ ቆሻሻ ቡናማ ሆኖ ተጠራቀመ። የቀረውን በተልባ ዘይት በነከርኩት ጨርቅ ጠረግሁ።

ለሚሞክር ሰው አንድ ማሳሰቢያ፦ የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እንዳትከቱት። ሲደርቅ በራሱ ይሞቃል፤ ከታመቀ እሳት ያስነሣል። በእኛ ሥራ ይህን የማያውቅ የለም። እኔ ዘርግቼ ውጭ ነው የማሰጣው። አክስቴ ልብስ ያጠብኩ መስሏት ልትሰበስበው ወጥታ ነበር።

ከዚያ ነጩ። አሁን ሱቅ ያለው ነጭ በብዛት ቲታኒየም ነው። በ1905 ግን የዘይት ነጭ ቲታኒየም ገና ገበያ ላይ አልነበረም። ማቲስ እጅ ይገባ የነበረው ሊድ (እርሳስ የሚባለው ብረት) ወይም ዚንክ ነው። ሊድን ደግሞ እኛ በደንብ እናውቀዋለን፤ መርዝ ነው። እዚህ አገር ለቤት ቀለም የተከለከለው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ስንገባ መጀመሪያ እንመረምራለን፣ ጭንብል እናደርጋለን፣ ወለሉን በላስቲክ እንሸፍናለን። እንጀራ የሚበላበት ኩሽና ውስጥ እሱን አላስገባም።

ቲታኒየም ችግሩ ጉልበቱ ነው። በጥቂቱ ማጀንታ ላይ ጣል ስታደርጉት ሮዙ ደረቅ ይሆናል፤ የጨጓራ ሽሮፕ ይመስላል። ዚንክ ነጭ ገዝቼ እኩል ደባለቅሁት። ዚንክ ሳሳ ያለ ነው፤ ቀለሙን አያፍነውም። መሞከሪያው ላይ አምስት ሮዝ ጎን ለጎን ቀባሁ። ሦስተኛው ላይ ጠብታ ካድሚየም ቢጫ ስጨምር ሞቀ። እሱ ነው! ኬኩ ጠፋ።

ካድሚየም ቢጫን ካነሣሁ አይቀር፤ ፊላደልፊያ፣ ባርንስ የሚባለው ሙዚየም ውስጥ ያለው የማቲስ «የሕይወት ደስታ» በዚሁ ቢጫ ተጎድቷል። ቢጫው ቦታ ቦታው ላይ ከዓመታት ብዛት የዝሆን ጥርስ መስሏል፣ ሌላ ቦታ ቡናማ ሆኗል። የዛሬው ካድሚየም አሠራሩ ስለተሻሻለ አልሰጋም። የቀባሁት የሰው ሳሎን በአምስት ዓመቱ ሲወይብ ግን ለባለቤቱ የምነግረው ምሳሌ አገኘሁ።

ቅዳሜ ጠዋት

ማሰሮዎቹና ቅጠሎቹ አላርፍ አሉኝ። ቀይ ከአረንጓዴ ጎን ሳደርገው ድንበሩ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኔን ያመኛል። የዋናው ግን ያበራል እንጂ አያምም።

አክስቴ ቡና እያፈላች ነበር። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ጥለቱ ቀይና አረንጓዴ። እሱ ለምን አያምም?

«አክስቴ፣ እስቲ ነጠላሽን ላየው።»

«ቀለም በነካ እጅህ? አይሆንም!»

ታጥቤ መጣሁ። በጥፍሬ ጫፍ ጥለቱን ፈለቀቅሁት። ቀዩ አረንጓዴውን አይነካውም። መሃላቸው አንድ ሁለት ነጭ ክር ገብቷል። ከሩቅ አይታይም። «ሸማኔ ይሄን ካላወቀማ ምኑን ሸማኔ ሆነ» አለችኝ፤ ነጠላዋን ነጠቀችኝና ወደ ጀበናዋ ተመለሰች።

ማቲስም ያደረገው እሱን ነው። በዚያ የኮሊዩር በጋ የሠሯቸው ሥዕሎች ላይ በብሩሹ ምልክቶች መሃል ያልተቀባ ሸራ ይታያል። እኔ ሥራውን ያልጨረሰ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀዳዳ ከቀረ ደንበኛ ገንዘብ የማይከፍልበት ሥራ ውስጥ ስለኖርኩ ይሆናል።

ክርን ካነሣን የዚህ ሁሉ አባት ራሱ የክር ጉዳይ ነው። ሸቭረል የሚባል የፈረንሳይ ኬሚስት በፓሪሱ የጎብለን ሸማ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ከሰማያዊና ከወይን ጠጅ ጎን ሲገባ ይደክማል የሚል አቤቱታ መጣበት። መረመረው፤ የቀለሙ ጥፋት አይደለም። ጥቁሩን ያደከመው ጎረቤቱ ነው። ዓይናችን አንዱን ቀለም ከጎኑ ካለው ለይቶ አያይም። በ1839 ይህን መጽሐፍ አድርጎ አወጣው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሠዓሊ አነበበው። ማቲስ በ1904 በጋ ሲኛክ ከሚባለው ሠዓሊ ጋር ሳን ትሮፔ ከርሞ ቀለምን በነጠብጣብ መደርደር ተምሮ ነበር። ኮሊዩር ላይ ነጠብጣቡን ለቀቀው፤ ጉርብትናውን ግን ያዘ።

እኛም ሥራ ላይ በየቀኑ ነው የሚገጥመን። ደንበኛ ከሱቅ የመረጠውን ግራጫ ግድግዳው ላይ ሲያየው «ይሄ እኮ ሰማያዊ ነው!» ብሎ ይጣላናል። ቱቦውም ጋሎኑም ያው ነው። ቡናማው ወለል ነው ሰማያዊ ያስመሰለው። ስንቱን ደግሜ ቀብቻለሁ መሰላችሁ።

ቅዳሜ ማታ

ሦስት ብሩሽ ለየሁ። ለግድግዳው ሰፊ፣ ተጎትቶ የሚሄድ። ለጀልባዎቹ ጠፍጣፋ፣ አጭር አጭር እያደረጉ ለመምታት። ለአበባው ትንሽ ክብ፤ ነክቶ መነሣት ብቻ። ዋናው ላይ አንድ ዓይነት አመታት ብቻ አይደለም ያለው፤ ክፍሉ ረጋ ይላል፣ ውጭው ይንጫጫል።

ማሰሮዎቹን ሠራሁ። በቀዩና በቅጠሉ መካከል የስንዴ ውፍረት ታህል ነጭ ተውኩ። እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ሁለት ጊዜ ሞልቼው በጥፍሬ ፋቅሁት። የ11 ዓመት ልማድ! ሦስተኛው ላይ ተሳካ። መንቀጥቀጡ ቆመ። ማሰሮው በረንዳው ላይ ተቀመጠ።

ሰኞ ማታ

የባሕሩ ተራ ደረሰ፤ የአክስቴ ጥያቄም አልለቀቀኝም። ለምን ሮዝ? ለማየት ያህል ባሕሩን በንጹሕ ሰማያዊ ልሞክረው አልኩ። ሸራውን እንዳላበላሸው የምግብ መሸፈኛ ላስቲክ ላዩ ላይ ወጠርኩና በላስቲኩ ላይ ቀባሁ።

ሰማያዊው ባሕር ከግራው ግድግዳ ጋር ሄዶ ተዛመደ። ሁለቱ አንድ ሆኑ፤ ግድግዳው እስከ አድማስ ደረሰ። መስኮቱ ተዘጋ። ሐረጉም ሰማያዊው ላይ ሟሸሸ። ላስቲኩን ገፈፍኩና ሮዙን ቀባሁት፣ ያንን ቢጫ ጠብ ያለበትን። ቅጠሉ ብድግ አለ። ግድግዳው ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ውጭው ወጣ። ባሕሩ ሮዝ የሆነው ለባሕሩ ብሎ አይደለም፤ ለቅጠሉና ለግድግዳው ነው።

ማስረጃው አሁንም ኩሽናው ውስጥ አለ። ሰማያዊ የተቀባውን ላስቲክ አክስቴ ሳታየው ድንች ሸፈነችበት።

ረቡዕ

የመስታወቶቹ ነጸብራቅ። የግራው ሮዝ ከቀኙ ግድግዳ አንድ ደረጃ መፍዘዝ አለበት። የቀኙ አረንጓዴም እንደዚያው። እኔ እኩል አድርጌያቸው መስታወት ሳይሆን ጣውላ መሰለ። ዚንክ ጨምሬ አሳሳሁት። የግራው ጥሩ ነው። የቀኙ አሁንም ትንሽ ከብዷል፤ እተወዋለሁ። ነክቼ ነክቼ ጭቃ ከማደርገው ይቅር።

ምሰሶዎቹን በአንድ ምት ለማውረድ እስትንፋሴን ያዝኩ። የጣሪያ ጠርዝ ያለ ቴፕ ስቀባ እንደማደርገው። አራቱ ቀጥ አሉ። አምስተኛው ጠመመ። ጀልባ ያዘነብላል ብዬ ተጽናናሁ።

እሑድ ከሰዓት

ስልኬን ይዤ እንደገና ጋለሪው ሄድኩ፤ የእኔን ፎቶ ከዋናው ጋር ላስተያይ። የእኔ የግራ ግድግዳ ቀለሙ በዝቷል፤ የእሱ ውስጥ ሰማያዊና አረንጓዴ ገና ሳይዋሃዱ ተላልፈው ያልፋሉ፤ የእኔ ግን እንደ ሮለር ሥራ ወጥ ነው። እጅ ከሥራው አይሸሽም። ሰማዩ ላይ ግን አላፈርኩም።

ያ ጥበቃ አልነበረም። ላሳየው አስቤ ነበር።

ሐሙስ

ቀለሙ ለንክኪ ደረቀ። ቫርኒሽ ገና ነው፤ ዘይት ውስጡ እስኪደርቅ ወራት ይፈልጋል። ቴፑን ላንሣና የተረፈውን 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ አጥፌ ፍሬሙ ላይ በስቴፕለር ልምታው ብዬ ሸራውን ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩ።

አክስቴ መነጽሯን አድርጋ መጣች። መስኮቱን ዝም ብላ አየችው። ባሕሩን አየች፤ ስለ ሮዝነቱ አሁን ምንም አላለችም። ከዚያ ጣቷ ወደ ላይ ሄደ፤ ወደ መሞከሪያው። አምስቱ ሮዞች፣ ሦስቱ አረንጓዴዎች፣ ቀዩ፣ ብርቱካንማው፣ መሃል መሃላቸው ያልተቀባው ነጭ ሸራ፤ በተርታ።

«ይሄኛውን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ። እሱ እኮ መሞከሪያ ነው አክስቴ።»

«ዋ እንዳታጥፈው!»

አላጠፍኩትም። ፍሬሙን በ61 ልሠራው ነው።